ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ድምፅ፦ የሂንዲ ዛህራ ሙዚቃ እንዴት ይሠራል?

ሞሮኳዊቷን ዘፋኝ ሂንዲ ዛህራን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ትንሽ ግራ ይገባዋል። አንዱ ዘፈን በእንግሊዝኛ ነው። ድምፁ ሻከር ያለ፣ ጊታሩ የተረጋጋ፣ ነገሩ ሁሉ ወደ ድሮ ጃዝ የሚወስድ ነው። ሌላ ዘፈን ሲመጣ ቋንቋው ይቀየራል። ዓረብኛ አይደለም፤ ፈረንሳይኛም አይደለም። የሚገርመው፣ ከቋንቋው በቀር የተቀየረ ነገር የለም። ያው ድምፅ፣ ያው እርጋታ ነው። ልብ ካላላችሁ ቋንቋው መቀየሩን ሳታውቁት ዘፈኑ ሊያልቅ ይችላል።

ይህ ሁለተኛው ቋንቋ ታሸልሒት ይባላል። በደቡብ ሞሮኮ፣ በሱስ ሸለቆና በአትላስ ተራሮች አካባቢ የሚነገር የበርበር ቋንቋ ነው።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሲገጥመን «ፊውዥን ነው» ብለን እናልፈዋለን። ቃሉ ግን ብዙም አያስረዳም። ሁለት ነገር ማደባለቅ ማንም ይችላል። በባህላዊ ከበሮ ላይ የእንግሊዝኛ ግጥም ለጥፎ አልበም ያወጣ ሰው ሞልቷል፤ አብዛኛው ከስፌቱ ላይ ይተረተራል። የዚህች ሴት ሥራ ለምን አልተተረተረም? ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፤ መልሱም ያለው በሁለት ቦታ ይመስለኛል። አንዱ ቅኝቱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ቋንቋው ራሱ ውስጥ ነው። ግን ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ሰዎቹን እንወቅ።

ሂንዲ ዛህራ የመድረክ ስሟ ነው። የቤተሰብ ስሟን ከፊት፣ የራሷን ከኋላ አድርጋ ገለበጠችው። በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኹሪብጋ ተወለደች። ኹሪብጋ በፎስፌት ማዕድን የምትታወቅ የሞሮኮ ከተማ ናት። እናቷ መዝፈንና መጨፈር የሚወዱ፣ አጎቶቿም ሙዚቀኞች ነበሩ። ቤቱ ውስጥ የበርበር ዘፈን፣ የግብፅ ዘፈን፣ ሬጌ፣ የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬ ሁሉ ይሰማ ነበር። በ14 ዓመቷ ፓሪስ ወደሚኖሩት አባቷ ሄደች። ትምህርቷን ትታ ሥራ ስትጀምር የተቀጠረችው ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነበር። ማታ ማታ ትጽፋለች፤ ለሶልና ለሂፕሆፕ ቡድኖች ተቀባይ ሆና ትዘፍናለች። በ2010 መጀመሪያ የወጣው የመጀመሪያ አልበሟ «ሃንድሜድ» በታዋቂው የጃዝ አሳታሚ በብሉ ኖት ስም ነው የታተመው። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ሲሆን ጥቂቱ በታሸልሒት ነው። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ለአዳዲስ አርቲስቶች ይሰጥ የነበረውን የኮንስታንታን ሽልማት አገኘች።

አሁን ወደ ሕዝቡ። «በርበር» ሌሎች የሰጧቸው ስም ነው። እነሱ ራሳቸውን አማዚግ፣ ቋንቋቸውን ታማዚግት ይላሉ። ከግብፁ የሲዋ በረሃ እስከ አትላንቲክ ዳርቻ፣ ወደ ደቡብም ሰሃራን አቋርጦ እስከ ማሊና ኒጀር ድረስ ተበታትነው ይኖራሉ። ዓረብኛ ወደ ሰሜን አፍሪካ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት እዚያው ነበሩ። ቋንቋቸው አንድ ወጥ አይደለም። ሞሮኮ ውስጥ ብቻ ሦስት ትላልቅ ዘዬዎች አሉ፦ በሰሜን ታሪፊት፣ በመካከለኛው አትላስ ታማዚግት (ስሙ ከጠቅላላው ቋንቋ ስም ጋር አንድ ነው)፣ በደቡብ ታሸልሒት። የአልጄሪያ ካባይሎችና የሰሃራ ቱዋሬጎችም የየራሳቸው አላቸው። ለእኛ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ባዕድ አይደለም። አማርኛም ታማዚግትም የአፍሮ እስያ የቋንቋ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የሩቅ ዘመድ መሆናችን ነው።

ይህ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ የቤት ቋንቋ ብቻ ነበር። ሞሮኮ በ1956 ነፃ ስትወጣ ትምህርት ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ቴሌቪዥኑም በዓረብኛና በፈረንሳይኛ ቀጠለ። አያት በታሸልሒት ታወራለች፤ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ሲደርስ ቋንቋው በር ላይ ይቀራል። ለልጅ የአማዚግ ስም ማስመዝገብ እንኳን ፈተና ነበር። ነገሩ በግልጽ የላላው በ2010 መንግሥት ለመዝገብ ቢሮዎች መመሪያ ካወረደ በኋላ ነው።

አልጄሪያ ውስጥ ደግሞ ባሰ። በ1980 ሙሉድ ማሜሪ የተባሉ ደራሲና ምሁር በቲዚ ኡዙ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥንታዊ የካባይል ግጥም ሊናገሩ ነበር። መንግሥት ንግግሩን ከለከለ። ስለ ግጥም የሚደረግ ንግግር ነው የተከለከለው! ተማሪው ወጣ፣ ሠራተኛው አደመ። ያ እንቅስቃሴ ዛሬ «የበርበር ፀደይ» ተብሎ ይታወሳል።

ይህንን የምነግራችሁ ለታሪክ ብዬ ብቻ አይደለም። ቋንቋው በትምህርት ቤት ባልነበረበት ዘመን የተሸከመው ዘፈን ነው። ጋዜጣ አልነበረውም፤ ካሴት ግን ነበረው። የካባይሉ ዘፋኝ ኢዲር በ1970ዎቹ እሳት ዳር የሚወራ የአያት ተረት በጊታር ይዞ ሲመጣ፣ ቋንቋውን የማያውቀው ዓለም ሳይቀር ሰማው። በደቡብ ሞሮኮ አጋዲር ከተማ አካባቢ ደግሞ ኢዘንዛረን የተባለው ቡድን በታሸልሒት፣ በባንጆና በከበሮ አንድ ትውልድ አሳደገ። መንግሥት ዘግይቶ ነው የነቃው። በ2001 ሞሮኮ ውስጥ የአማዚግ ባህል ንጉሣዊ ተቋም ተመሠረተ። በ2003 ቲፊናግ የሚባለው የራሳቸው ፊደል ለትምህርት ተመረጠ። በ2011 ሕገ መንግሥቱ ታማዚግትን ከዓረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አደረገው። በ2012 ፓርላማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በታማዚግት ጥያቄ ያቀረበችው የፓርላማ አባል ማን ናት? ፋጢማ ታባምራንት፣ ዘፋኝ! ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ዛሬም ነገሩ አልተፈታም። በ2024ቱ የሞሮኮ ሕዝብ ቆጠራ የአማዚግ ቋንቋ የሚናገረው ከአራት ሰው አንድ ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል። የአማዚግ መብት ተሟጋቾች ቁጥሩን አይቀበሉትም፤ ከዚያ በላይ ነን ይላሉ።

እንግዲህ ሂንዲ ዛህራ አልበሟን ያወጣችው ቋንቋው ሕገ መንግሥት ውስጥ ከመግባቱ አንድ ዓመት በፊት ነው። በዚያን ጊዜ አንዲት ፓሪስ የምትኖር ሞሮኳዊት ዘፋኝ ከፊቷ ሁለት የተለመዱ መንገዶች ነበሩ። በዓረብኛ ዘፍኖ የዓረቡን ገበያ መያዝ፣ ወይም በፈረንሳይኛ ዘፍኖ የምትኖርበትን አገር ሬዲዮ ማግኘት። ሁለቱም የትምህርት ቤት፣ የቢሮና የሥልጣን ቋንቋዎች ናቸው። እሷ የመረጠችው አንዱ የእናት ቤት ቋንቋ፣ ሌላው ከሙዚቃ የተማረችው ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ለሞሮኮ የቅኝ ገዢ ቋንቋ አልነበረም። በዚያ አገር ሰው ጆሮ ውስጥ የገባው በሸክላና በሬዲዮ ነው። ለዚህ ነው በእሷ አፍ ውስጥ ሸክም የሌለበት የሚመስለኝ። ይህ የእኔ አሰማም ነው፤ ዘፋኟ ይህንን አስባ አደረገችው እያልኩ አይደለም።

ምርጫው ደግሞ ዋጋ ነበረው። የፈረንሳይ ሕግ ከ1996 ጀምሮ ሬዲዮ ጣቢያዎች ከሚያጫውቱት ዘፈን 40 በመቶው የፈረንሳይኛ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። በእንግሊዝኛ የምትዘፍን አዲስ ድምፅ ከዚህ ኮታ ውጭ ናት። ለተረፈው የአየር ሰዓት የምትወዳደረው ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ኮከቦች ጋር ነው።

እግረ መንገዴን፦ እንግሊዝኛ በሞሮኮ ዘፈን ውስጥ ትናንት የገባ አይደለም። በኅዳር 1942 የአሜሪካ ጦር ካዛብላንካ አካባቢ ሲያርፍ፣ ሁሴን ስላዊ የተባለ ዘፋኝ ስለ ወታደሮቹ ዘፍኗል። ዘፈኑ በሞሮኮ ዓረብኛ ሲሆን መሀሉ ላይ «ኦኬ ኦኬ»፣ «ካም ኦን»፣ «ባይ ባይ» ይላል። ያኔ እንግሊዝኛው ለሹፈት ነበር። በሂንዲ ዛህራ ዘፈን ግን ልብ የሚናገርበት ቋንቋ ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቅኝቱ እንምጣ።

የዓረብ ክላሲካል ሙዚቃ በአብዛኛው በሰባት ድምፅ ይሠራል፤ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆችም አሉት። የሱስ ሸለቆ ሙዚቃ እንደዚያ አይደለም። አምስት ድምፅ ነው ያለው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ አንጎራጉሩት፤ ወዲያው ታውቁታላችሁ። የእኛ ትዝታም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። የሱዳን ዘፈን ቋንቋውን ሳናውቅ ለምን እንደሚጥመን የሚገባው ሰው፣ የሱስ ዘፈንም ለምን ጆሮው ላይ እንደሚያርፍ ይገባዋል። ሞሮኮ ውስጥ ራሱ ከፌዝ ከተማ የመጣ ሰው የሱስን ዘፈን ሲሰማ ከሌላ አገር የመጣ ሊመስለው ይችላል፤ ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ግን በቀላሉ ይቀላቀላል።

መሣሪያውም ያስደንቃል። በሱስ «ራይስ» የሚባሉ ተዘዋዋሪ ዘፋኞች አሉ፤ ሴቷ «ራይሳ» ትባላለች። ከገበያ ገበያ፣ ከድግስ ድግስ እየዞሩ ያወድሳሉ፣ ይወቅሳሉ፣ ወሬ ያደርሳሉ። የያዙት ሪባብ የሚባል ባለ አንድ ክር መሣሪያ ነው፤ በፈረስ ጭራ ይገዘገዛል። ስለ አዝማሪና ስለ ማሲንቆ የማወራ መስሏችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም። አንዱ ከሌላው ተወሰደ ለማለት ማስረጃ የለም፣ እኔም አልልም። ግን ዘፋኙ ቃሉን ይዞ ሲሄድ ክሩ ከኋላው እየተከተለ የሚያንጎራጉርበት አሠራር በሁለቱም ቦታ አለ። ከእነዚህ ዘፋኞች ታላቁ ሐጅ በልዒድ በ1930ዎቹ ሸክላ ላይ የቀረፃቸው ዘፈኖች ዛሬም ይሰማሉ። የሰሃራ ቱዋሬጎችም ኢምዛድ የሚሉት ባለ አንድ ክር አላቸው። እሱን የሚጫወቱት ሴቶች ብቻ ናቸው። ዩኔስኮ በ2013 በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ታዲያ እንግሊዝኛው ዘፈን እዚህ ውስጥ እንዴት ገባ? በብሉዝ በኩል። ብሉዝ በባርነት ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ልጆች ሙዚቃ ነው፤ የጀርባ አጥንቱም አምስት ድምፅ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ወደ ሰሜን፣ ወደ ሞሮኮ የተወሰዱም ነበሩ። የእነሱ ልጆች ግናዋ ይባላሉ። ጊምብሪ የሚሉትን ወፍራም ድምፅ ያለው ባለ ሦስት ክር ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ይዘፍናሉ፤ ያም አምስት ድምፅ ነው። ስለዚህ አንድ የሞሮኮ ልጅ የአሜሪካን ብሉዝ ወይም ፎልክ ሲሰማ የሚያውቀው ነገር አለው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን መነሻው ሩቅ አይደለም።

ባንጆን ተመልከቱ። ብዙ ሰው የአሜሪካ ገጠር መሣሪያ ይመስለዋል። የፈጠሩት ግን በካሪቢያንና በአሜሪካ በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን ናቸው፤ በአገራቸው በሚያውቋቸው መሣሪያዎች አምሳል። ከዚያ በ1970ዎቹ የካዛብላንካው ናስ ኤል ጊዋንና የሱሱ ኢዘንዛረን ይዘውት ብቅ አሉ። ባንጆው ዞሮ ዞሮ አፍሪካ ገባ። የሂንዲ ዛህራ ጆሮ የተቀረፀው እንዲህ ባለ ሙዚቃ መሀል ነው።

እንግዲህ ቅኝቱ አንድ ከሆነ፣ ዜማው ሳይሰበር ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። «ኢሚክ ሲ ሚክ» የሚለውን ዘፈኗን ስሙት። በታሸልሒት ነው፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው። ጊታሩ አንድ አጭር ሐረግ ይይዝና እየደጋገመ ይሽከረከራል። ብሉዝ ይህንን ያውቃል። የሱስ አሕዋሽም ያውቃል። አሕዋሽ ወንዶችና ሴቶች ተሰልፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት የመንደር ጭፈራ ነው፤ አንድ ስንኝ ደጋግሞ እየዞረ ነው የሚያሟሙቀው። ድግግሞሹ ድካም የሚመስለው ሰው ይኖራል። ግን ጆሮን ሰብስቦ አንድ ቦታ የሚያስቀምጠው እሱ ነው።

ሁለተኛው መልስ ቋንቋው ውስጥ ነው አልኩ። ታሸልሒት በዓለም ላይ የድምፅ ሊቃውንትን ካስደነቁ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ምክንያቱ አናባቢ የሌላቸው ሙሉ ቃላት መኖራቸው ነው። በእኛ ፊደል ብናስበው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉም ፊደል ሳድስ የሆነበት፣ በመሀል ምንም አናባቢ የማይሰማበት ቃል ማለት ነው። ብዙ የሚጠቀሰው ምሳሌ «ትፍትክትስት» ነው። እኛ ስናነበው በሳድሶቹ መሀል ሳይታወቀን ትንሽ ድምፅ እናስገባለን። የታሸልሒት ተናጋሪ አያስገባም። በእሱ ጆሮ ተነባቢው ብቻውን አንድ ክፍለ ቃል ይሆናል።

ይህ ለዘፈን ምን ማለት ነው? ዜማ የሚረዝመው በአናባቢ ላይ ነው። «ት» ላይ ድምፅ ማስረዘም አይቻልም። ስለዚህ በታሸልሒት ሲዘፈን ቃሉ ራሱ ምት ይሆናል። ተነባቢዎቹ እንደ ጭብጨባ ይመታሉ፤ አንዳንዴም ዘፋኙ ዜማው እንዲያርፍበት አጭር አናባቢ ጣል ያደርጋል። ገጣሚዎቹም ስንኝ ሲለኩ ትርጉም የሌላቸውን «አ ላይ ላ ላይ» የሚሉ ድምፆች እንደ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ቃሉ በኋላ በዚያ ልክ ይገባል። እንግሊዝኛ ሌላ ባሕርይ አለው። ቃላቱ አጫጭር ናቸው፣ አናባቢዎቹም ይለጠጣሉ። ዘፋኟ «ቢዩቲፉል ታንጎ» የሚለውን ስትዘፍን ቃሉን ሳብ አድርጋ፣ ከምቱ ትንሽ ወደኋላ እየቀረች ነው። የጃዝ ዘፋኞች መንገድ ነው። በታሸልሒት ስትዘፍን ግን ምቱ ላይ ትቆማለች።

ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ሥራ አላሠራቻቸውም። እንግሊዝኛው ለሚንሳፈፈው፣ ታሸልሒቱ ለሚረግጠው። ያልተሳካላቸው ቅልቅሎች ብዙ ጊዜ የሚበላሹት እዚህ ጋ ነው፦ ለአንዱ ቋንቋ የተሠራ ዜማ ላይ ሌላውን ቋንቋ በግድ ያስገባሉ። ቃሉ ይጨናነቃል፣ ዜማው ይሰበራል። አድማጩ ምክንያቱን ባይነግራችሁም ጆሮው ይጎረብጠዋል።

በ2015 የወጣው ሁለተኛው አልበሟ «ሆምላንድ» ይህንን የበለጠ አሰፋው። ለሥራው ወደ ሞሮኮ ተመለሰች። ከሞሮኮዋ ኤሳዊራ ከተማ የመጣው የከበሮ ባለሙያ ራኒ ክሪጃ አብሯት ሠርቷል። የኒጀሩ ቱዋሬግ ጊታሪስት ቦምቢኖም አለበት። በዚህ መሀል ፊልም ላይም ትታያለች፤ በፋቲህ አኪን የ2014 ፊልም «ዘ ከት» ውስጥ የዋናው ገጸ ባሕርይ ሚስት ሆና ተጫውታለች።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል፤ ልናገረው። «ሃንድሜድ» ፓሪስ ውስጥ የተሠራ፣ አብዛኛው በእንግሊዝኛ የተዘፈነ፣ በጃዝ አሳታሚ የወጣ አልበም ነው። በ2011 በፈረንሳይ ትልቁ የሙዚቃ ሽልማት ላይ አሸነፈ። በየትኛው ዘርፍ? በ«የዓለም ሙዚቃ»። ሁለተኛውም አልበም በ2016 በዚያው ዘርፍ ተሸለመ። ሽልማቱ ይገባታል። ግን ያው እንግሊዝኛ በአንዲት ፓሪስ ተወልዳ ባደገች ፈረንሳዊት ቢዘፈን ኖሮ ፖፕ ወይም ሮክ ይባል ነበር። ዘርፉ ሙዚቃውን ሳይሆን ፓስፖርቱን ነው የሚመለከተው።

«የዓለም ሙዚቃ» የሚለው መደብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1987 ለንደን ውስጥ የጥቂት ትናንሽ አሳታሚዎች ሰዎች አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው፣ ሱቆች የእኛን ሸክላዎች የት እንደሚያስቀምጡ ግራ ስለገባቸው አንድ ስም እንስጠው ተባብለው የመረጡት የመደርደሪያ ስም ነው። ለሻጭ ጠቅሟል፤ የእኛም አገር ሙዚቃ በዚያ በር ገብቶ ብዙ ጆሮ አግኝቷል። ግን ከማሊ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከቡልጋሪያና ከሞሮኮ የመጣውን ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ ከተተው። ግራሚ በ2020 ስሙን ወደ «ግሎባል» ቀይሮታል። ቅርጫቱ ግን ያው ነው።

ማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ከኋላ እንዲጀምር ነው። መጀመሪያ ሐጅ በልዒድን ፈልጋችሁ ስሙ፤ ቀረፃው ያረጀ ነው፣ ክሩ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ቀጥሎ ኢዘንዛረንን፣ ባንጆው ሲገባ። ከዚያ በኋላ «ኢሚክ ሲ ሚክ»ንና «ቢዩቲፉል ታንጎ»ን አከታትላችሁ ስሙና፣ ድምፅዋ የቱ ጋ ምቱ ላይ እንደሚቆምና የቱ ጋ ወደኋላ እንደሚቀር አስተውሉ። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ቢኖራችሁ ይሻላል፤ ብዙው ነገር ያለው ዝቅ ባለው ድምፅ ውስጥ ነው።